አውሮፕላን ጎማውን ሲያወርድ የሚሰማው ጉርምርምታ ከየት ይመጣል?

ጥያቄ
ጠያቂ፦ የኪቶ ልጅ፣ ጅማ

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ የሜካኒካል ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ርእስ ላደርገው ስለማስበው አንድ ጉዳይ የምታውቁ ሁሉ ሐሳባችሁን እንድታካፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ቤታችን ከአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም ስለማይርቅ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን፣ ዳሽ 8-400፣ ለማረፍ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ድምፁን በደንብ እሰማዋለሁ። ነፋስ በሌለበት ማለዳ ጆሮ ሰጥቶ ለሚያዳምጥ ሰው ሁለት የተለያዩ ድምፆች አሉ። አንዱ የፕሮፔለሩ ወጥ ድምፅ ሲሆን፣ ሌላው ጎማው ከወረደ በኋላ የሚጨመር፣ ይህ ነው የሚባል ቃና የሌለው ሰፊ ሽውሽውታ ነው። በዚሁ አውሮፕላን ተሳፍሬ ከክንፉ በታች ባለው መቀመጫ በኩል ስመለከት ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ሆኖ ታይቶኛል፤ ከሞተሩ ሆድ ሥር በሮቹ ተከፍተው ጎማውን የያዘው እግር ሲወርድ ወለሉ ከጫማ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ለጥቂት ሰከንዶች ከባድ ጉርምርምታ ይሰማል፣ ከዚያም ድምፁ ቀለል ይላል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም።

እኔ እስካሁን የመሰለኝ፣ አየሩ በተከፈተው የጎማ መክተቻ ውስጥ በኃይል ገብቶ ግድግዳውን ስለሚመታ ነው የሚል ነበር። ነገር ግን አየሩ ዝም ብሎ የሚገባ ቢሆን ድምፁ ተራ ሁካታ ብቻ መሆን ሲገባው፣ በጉርምርምታው ውስጥ አንድ የተወሰነ ቃና ያለ ይመስለኛል። የዚህ ቃና ምንጭ ምንድን ነው? በስሌት አስቀድሞ ማወቅስ ይቻላል ወይ? የጅማ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ መገኘቱ በድምፁ ላይ ለውጥ ያመጣ እንደሆነም ማወቅ እፈልጋለሁ። በመጨረሻም፣ ትልቅ ዊንድ ተነል (አየር እየነፋ የሚፈተሽበት መተላለፊያ) ሳይኖር ይህን በተግባር መፈተሽ የሚቻልበት መንገድ ካለ ብታመለክቱኝ ታላቅ ውለታ ነው።

መልስ
መላሽ፦ ፈሳሽና ሞገድ

ወንድሜ፣ ያቀረብከው ጥያቄ ከአየር ፍሰት ጥናት ውስጥ እጅግ ከሚያምሩት አንዱ ስለሆነ በደስታ ነው የምመልስልህ።

በቅድሚያ መስተካከል ያለበት አየሩ ገብቶ ግድግዳውን ይመታል የሚለው ሐሳብ ነው። ዋናው ፍሰት ወደ መክተቻው አይገባም፤ ከፊተኛው ጠርዝ ተነሥቶ አፉን ተሻግሮ ያልፋል። በጥናት እንደሚታወቀው፣ የአንድ ጉድጓድ ርዝመት ከጥልቀቱ 10 እጥፍ በታች ሲሆን ፍሰቱ አፉን ዘሎ ወደ ኋላኛው ጠርዝ ይደርሳል፤ ከ13 እጥፍ ገደማ ሲበልጥ ግን ወደ ወለሉ ወርዶ ጥቂት ከተጓዘ በኋላ እንደገና ይነሣል፤ በሁለቱ መካከል ያለው የመሸጋገሪያ ክልል ነው። የጎማ መክተቻ ጎማውን በሙሉ የሚውጥ ጥልቀት ያለው በመሆኑ ዘወትር ከመጀመሪያው ወገን ይመደባል።

እንግዲህ ከአፉ ውጭ ፈጣን አየር አለ፣ ከውስጥ ደግሞ የረጋ አየር አለ። በሁለቱ መካከል የሚዘረጋው ስስ ንጣፍ ሺር ሌየር ይባላል። ይህ ንጣፍ በባሕርዩ ያልተረጋጋ ነው፤ ከፊተኛው ጠርዝ አጠገብ እጅግ ትንሽ ንቅናቄ ቢደርስበት ንቅናቄው ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር እየጎላ ይሄድና ንጣፉ ተጠቅልሎ አዙሪት ይሆናል። አዙሪቱ ከውጭው አየር ፍጥነት 57 በመቶ ገደማ በሆነ ፍጥነት ተጉዞ ከኋላኛው ግድግዳ ጠርዝ ጋር ሲላተም፣ በዚያ ቦታ ግፊቱ ድንገት ከፍና ዝቅ ስለሚል የድምፅ ሞገድ ይወለዳል። ይህ ሞገድ በመክተቻው ውስጥ በድምፅ ፍጥነት ወደ ፊት ይመለሳል፤ ፊተኛው ጠርዝ ላይ ሲደርስም በዚያ የሚነሣውን ንጣፍ ነቅንቆ ሌላ አዙሪት ያስጀምራል። ዙሩ በዚህ መልክ ራሱን በራሱ እየመገበ ይቀጥላል። የምትሰማው ቃና የሚወሰነው አዙሪቱ ወደ ኋላ ለመሄድ፣ ሞገዱም ወደ ፊት ለመመለስ በሚፈጅባቸው ጊዜ ድምር ነው።

ይህን ዙር በቀላል ቀመር ያስቀመጠው በእንግሊዝ አገር ፋርንቦሮ በሚገኘው ሮያል ኤርክራፍት ኢስታብሊሽመንት ይሠራ የነበረው ሮሲተር ሲሆን፣ ሥራው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። መነሻው የጎማ መክተቻ ሳይሆን በጦር አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ያለው የቦምብ ክፍል ነበር፤ ክፍሉ በበረራ ላይ ሲከፈት የሚፈጠረው ንዝረት ለውስጡ ዕቃና ለአካሉ ጭምር አስጊ ነበርና። ቀመሩ እንዲህ ይሠራል፦ የአየሩን ፍጥነት ለጉድጓዱ ርዝመት ታካፍላለህ፤ ከሞዱ ቁጥር (ከቃናው ተራ ቁጥር)፣ ማለትም ከ1 ወይም ከ2 ወይም ከ3፣ 0.25 ቀንሰህ ባገኘኸው ታባዛለህ፤ ውጤቱንም ለማክ ቁጥርና ለ1.75 ድምር ታካፍላለህ፤ ማክ ቁጥር የአየሩ ፍጥነት ለድምፅ ፍጥነት ሲካፈል የሚገኘው ነው። 0.25 ርዝመቱ የጥልቀቱ 4 እጥፍ ለሆነ ጉድጓድ የተገኘ ቁጥር ነው፤ 1.75 ደግሞ 1 ለ0.57 ሲካፈል የሚመጣ ነው።

ለምሳሌ 1 ሜትር ርዝመት ያለው መክተቻ በሰከንድ 70 ሜትር በሚጓዝ አውሮፕላን ላይ ቢከፈት፣ ማክ ቁጥሩ ወደ 0.2 ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቃናዎች በቅደም ተከተል ወደ 27፣ 63 እና 98 ኸርዝ ይሆናሉ። ሦስተኛውን ቁጥር በጥንቃቄ ተመልከተው። የዳሽ 8-400 ፕሮፔለር 6 ምላስ አለው፤ በደቂቃ 1,020 ጊዜ ሲዞር ምላሶቹ በአንድ ነጥብ ላይ በሰከንድ 102 ጊዜ ያልፋሉ፣ በ850 ዙር ደግሞ 85 ጊዜ። ስለዚህ በጉርምርምታው ውስጥ የሰማኸውን ቃና የመክተቻው ነው ብለህ ከመደምደምህ በፊት የፕሮፔለሩ አለመሆኑን ማረጋገጥ ይኖርብሃል። መለያው ግልጽ ነው። የፕሮፔለሩ ዙር በመቆጣጠሪያው በአንድ ልክ ስለሚያዝ ቃናው አውሮፕላኑ ፍጥነት ቢቀንስም አይለወጥም፤ የመክተቻው ቃና ግን ከአየሩ ፍጥነት ጋር አብሮ ይወርዳል።

ከመሬት ሆነህ የምትሰማው ሰፊ ሽውሽውታ ግን አብዛኛው ከመክተቻው የሚመጣ አይደለም። ምንጩ እግሩ ራሱ ነው። ምሰሶው፣ ጎማዎቹ፣ መደገፊያ ብረቶቹ፣ የሃይድሮሊክና የፍሬን ቱቦዎቹ ሁሉ አየሩ ለስልሶ የማያልፍባቸው ቅርጾች በመሆናቸው ከእያንዳንዱ ጀርባ ሁከት ይነሣል፤ ወፍራሙ ምሰሶ ዝቅተኛውን፣ ቀጭኑ ቱቦ ከፍተኛውን ድግግሞሽ ስለሚያመነጩ ድምሩ ቃና የሌለው ሰፊ ድምፅ ይሆናል። ለዚህ ዓይነቱ ድምፅ መሠረት የሆነው ተመራማሪው ላይትሂል እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጣው ንድፈ ሐሳብና ከርል በ1955 ጠጣር አካልን ጨምሮ ያስፋፋው ቀመር ነው። ከዚያ የሚገኘው ውጤት የድምፁ ኃይል ከፍጥነቱ 6ኛ ርቢ ጋር አብሮ ያድጋል የሚል ነው። አንድ አውሮፕላን ፍጥነቱን 10 በመቶ ብቻ ቢቀንስ ይህ ድምፅ ወደ 2.7 ዴሲቤል ዝቅ ይላል ማለት ነው። ለማረፍ በሚቃረብበት ጊዜ ሞተሩ በዝቅተኛ ኃይል ስለሚሠራ፣ በተለይ በትልልቅ ጄቶች ላይ የአካሉ (የክንፉ፣ የእግሩና የመሳሰለው) ድምፅ ከሞተሩ ድምፅ ጋር የሚወዳደረው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ከፍታው የጠየቅኸው ተገቢ ጥያቄ ነው። በጅማ ከፍታ የአየሩ እፍግታ በባሕር ወለል ካለው ከ80 እስከ 85 በመቶ ገደማ ነው። ፓይለቱ በመሣሪያው የሚያነበው ፍጥነት በየትኛውም ማረፊያ ተመሳሳይ ቢሆንም፣ አየሩ በሳሳ ቁጥር እውነተኛው ፍጥነት ስለሚጨምር ጅማ ላይ ከ9 እስከ 12 በመቶ ይበልጣል፤ የመክተቻው ቃናም በዚያው መጠን ይቀጥናል። የድምፁ ብርታት ግን ብዙ አይለወጥም። ፍጥነቱ ሲያበረታው የአየሩ መሳሳት መልሶ ስለሚያዳክመው፣ ሁለቱ ተጣምረው የሚያመጡት ለውጥ ከ1 ዴሲቤል አይበልጥም፤ ይህን ደግሞ ጆሮ ለይቶ አያውቀውም።

መልስ
መላሽ፦ የአጋሮ መንገደኛ

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከጅማ ወደ አጋሮ በሚኒባስ ስትሄዱ ሌላው ሁሉ ተዘግቶ የኋላው አንድ መስኮት ብቻ ሲከፈት ጆሮን የሚደበድብ ከባድ ንዝረት ይፈጠራል። ይህም የዚያው ቤተሰብ ነው። በመስኮቱ አፍ ላይ አዙሪቶች ይፈጠራሉ፤ በመኪናው ውስጥ ያለው አየር ደግሞ እንደ ስፕሪንግ እየታመቀና እየላላ ይቀበላቸዋል፤ ድግግሞሹም ወደ 20 ኸርዝና ከዚያ በታች በመሆኑ ከሚሰማው ይልቅ የሚዳሰሰው ይበልጣል። ሌላ መስኮት ጥቂት ቢከፈት ወዲያው ይጠፋል። ልዩነቱ፣ በመኪናው ውስጥ አየሩ እንደ አንድ አካል በመላ መጠኑ የሚነዝር ሲሆን፣ በጎማ መክተቻው ውስጥ ግን ሞገዱ ከግድግዳ ግድግዳ የሚመላለስበት ርቀት ወሳኝ መሆኑ ነው።

መልስ
መላሽ፦ የሃንጋር ሰው

የአገሬ ልጅ፣ እኔም የተወለድኩት ጅማ ነው፤ አሁን በአውሮፕላን ጥገና ሥራ ላይ ነኝ። ስለ ቀመሩ የተባለው ይበቃል፤ ከበሩ በኩል የሚታየውን ልንገርህ።

በተሳፈርክበት ጊዜ የሰማኸው ከባድ ጉርምርምታ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ የቆየበት ምክንያት በሮቹ ናቸው። በዳሽ 8-400 ላይ ዋናው እግር የሚታጠፈው ወደ ኋላ፣ ከሞተሩ በስተኋላ ባለው ክፍል ውስጥ ነው። እግሩ ሲወርድ ትልልቆቹ የኋላ በሮች ይከፈታሉ፤ እግሩ ወርዶ ከተቆለፈ በኋላ ግን ተመልሰው ይዘጋሉ። ክፍት ሆነው የሚቀሩት ከምሰሶው አጠገብ ያሉት ትንንሾቹ የፊት በሮች ብቻ ናቸው። አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ ከሆዱ ሥር ብትመለከት ይህን በዓይንህ ታያለህ። ስለዚህ መክተቻው ሙሉ አፉን ከፍቶ የሚጮኸው በዚያች አጭር ጊዜ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የሚቀረው በአብዛኛው የእግሩ ድምፅና የትንሹ ክፍት ቦታ ድምፅ ነው።

ሁሉም አውሮፕላን እንዲህ አይደለም። በኤርባስ ኤ320 ላይም የዋናው እግር ትልልቅ በሮች እግሩ ከወረደ በኋላ ይዘጋሉ። ቦይንግ 737 ግን ለዋናው ጎማ ሙሉ በር የለውም፤ ጎማው ራሱ ሲታጠፍ አፉን ይሸፍነዋል፣ ሲወርድ ደግሞ ክብ ቀዳዳው እስኪያርፍ ድረስ ክፍት ይሆናል። የአፍንጫው ጎማ በሮችም እንደተከፈቱ ይቆያሉ። ሁለቱ አውሮፕላኖች በአንድ ፍጥነት ቢመጡ እንኳን የመክተቻቸው ድምፅ አንድ ዓይነት እንዲሆን መጠበቅ አይገባም።

በዳሽ 8 ላይ ደግሞ ሌላ የሚያወሳስብ ነገር አለ። መክተቻው ከፕሮፔለሩ ጀርባ ስለሚገኝ በአፉ ላይ የሚያልፈው አየር አውሮፕላኑ ከሚጓዝበት ፍጥነት የፈጠነና የተጠማዘዘ ነው። በንጹሕ ወጥ ፍሰት ላይ የተሠራ ቀመር እዚያ በትክክል ይሠራል ብለህ አትደምድም።

ስለ መክተቻው ውስጥም ላንሣ። ሥዕሉ ላይ የሚታየው ባዶ ሳጥን ነው፤ በእውን ግን ግድግዳው ላይ የሃይድሮሊክ ቧንቧዎች በማሰሪያ ተይዘው ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጥቅል አለ፣ የመቆለፊያው ዘንጎች አሉ፣ የብረቱ አጥንት ራሱ በየስንዝሩ ወጣ ገባ ይላል። ይህ ሁሉ ሞገዱን ስለሚበትነው ቃናው ከባዶ ሳጥን ይልቅ ይደበዝዛል። ለድምፅ ቅነሳ ተብሎ አንድ ነገር ይጨመር ሲባል ግን ሥራው እዚህ ላይ ይከብዳል። የሃይድሮሊክ ኃይል ቢጠፋ እግሩ በራሱ ክብደት ወድቆ መቆለፍ ስላለበት በመንገዱ ላይ ምንም ሊቆም አይችልም። ድምፅ የሚመጥ ስፖንጅ ከኋላው ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ፈሳሽ ሲንጠባጠብበት የሚመጥ ከሆነ የጋለ ፍሬን ተሸክሞ ከሚገባ ጎማ ጋር በአንድ ክፍል ሊቀመጥ አይገባም። ከጀርባው የሚሰነጠቅ ብረት ወይም የሚዝግ ማያያዣ ቢኖርም ተቆጣጣሪው ሊያየው ይገባል። እኔ በበኩሌ የትኛውንም መፍትሔ የምመዝነው በመጀመሪያ በዚህ ነው፣ ከዚያ በኋላ በዴሲቤሉ።

ቀላል መፍትሔ ትልቅ ውጤት ያመጣበትን ምሳሌ ግን ልጥቀስልህ። በኤ320 ክንፍ ሥር የነዳጅ ጋኑን ከመጠን ያለፈ ግፊት ለመጠበቅ የተሠሩ ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎች አሉ። አየሩ በላያቸው ሲያልፍ ከሩቅ የሚሰማ ፉጨት ይፈጥሩ ነበር። የጀርመን የኤሮስፔስ ማዕከል ምንጩን ከለየ በኋላ ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ፊት ትንሽ ቆርቆሮ መሰል አዙሪት ፈጣሪ ተደረገ፤ የጀርመኑ አየር መንገድ ሉፍታንዛ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በአውሮፕላኖቹ ላይ ገጥሞታል። ቅነሳው እስከ 4 ዴሲቤል ይደርሳል። የሠራበት ምክንያት ከላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ነው፤ ከፊተኛው ጠርዝ የሚነሣው ንጣፍ አስቀድሞ ከተረበሸ በአንድ ልክ የሚጠቀለል አዙሪት ሊፈጥር አይችልም።

ጠያቂው
የኪቶ ልጅ፣ ጅማ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ስለ በሮቹ የነገሩኝ ለረጅም ጊዜ ያልገባኝን ነገር መለሰልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ይቀረኛል። አንደኛ፣ በመክተቻው አፍ ላይ መረብ በመዘርጋት ድምፁን መቀነስ እንደተቻለ ሰምቻለሁ፤ ቀዳዳ ያለው መረብ እንዴት ነው ድምፅ የሚያግደው? ሁለተኛ፣ በግቢያችን ወርክሾፕ ውስጥ ባለ ማራገቢያ ይህን መፈተሽ የሚቻል ከሆነ ከምን ልጀምር?

መልስ
መላሽ፦ ሩብ ሞገድ

መረቡ የተሞከረው በናሳ ነው። በካሊፎርኒያ ኤድዋርድስ በሚገኘው አርምስትሮንግ የበረራ ምርምር ማዕከል በጋልፍስትሪም 3 አውሮፕላን ላይ በተደረጉ በረራዎች፣ በዋናው ጎማ መክተቻ አፍ ላይ መረብ ተዘረጋ፣ ከፊተኛው ጠርዝ አጠገብ የመጋዝ ጥርስ የመሰሉ ቅርጾች ተደረጉ፣ ከኋላኛው ግድግዳ ላይ ድምፅ የሚመጥ ስፖንጅ ተለጠፈ፣ ለምሰሶውም ብዙ ቀዳዳ ያለው ሽፋን ተሠራለት። ከተለዋዋጭ ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ ከሚታጠፈው ክፍል) ጋር ተጣምረው የአካሉን ድምፅ ከ70 በመቶ በላይ እንደቀነሱ ናሳ እ.ኤ.አ. በ2018 አስታውቋል። መረቡ ድምፅ አያግድም፤ የሚያግደው አዙሪቱን ነው። ከአፉ ላይ የሚያልፈውን ፍሰት ከክንፉ መስመር ጋር አስተካክሎ ስለሚይዘው ንጣፉ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ የኋላውን ግድግዳ ለመምታት ዕድል አያገኝም።

ወደ ሙከራው ከመግባትህ በፊት ስለ ሮሲተር ቀመር አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ቀመሩ በደንብ የሚሠራው ከማክ 0.4 ገደማ በላይ ነው። በማረፊያ ፍጥነት፣ ማለትም በማክ 0.2 አካባቢ፣ ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ውስጥ ዙሩ ደካማ ስለሆነ ቃናው ብዙ ጊዜ አይጎላም። በዝቅተኛ ፍጥነት ጉልህ ቃና የሚሰማው ጥልቀቱ ከርዝመቱ ሲበልጥና የአዙሪቶቹ ድግግሞሽ ከጥልቀቱ ሬዞናንስ (በውስጡ ያለው አየር በተፈጥሮው ከሚነዝርበት ድግግሞሽ) ጋር ሲገጥም ነው። የጥልቀቱ ሬዞናንስ ደግሞ በግምት የሞገዱ ርዝመት የጥልቀቱ 4 እጥፍ የሚሆንበት ድግግሞሽ ነው፤ በአፉ አጠገብ ያለው አየርም አብሮ ስለሚነዝር ከዚያ ጥቂት ይወርዳል። አንተ መፈተሽ ያለብህ ይህን መግጠም ነው፤ በትንሽ ማራገቢያም ይቻላል።

ከኮምፐንሳቶ 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው አፍና 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ሳጥን ሥራ፤ ወለሉ እንደ ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች እንዲንቀሳቀስ አድርገው። አፉን ከለሰለሰ ጣውላ ወለል ጋር አስተካክለህ ገጥመህ የማራገቢያውን አየር በቱቦ አለስልሰህ በላዩ አሳልፈው። ለዚህ ጥልቀት የሩብ ሞገዱ ስሌት 214 ኸርዝ ይሰጥሃል፤ የአፉን አየር ስትጨምር ግን ወደ 175 ኸርዝ ይወርዳል። ሁለተኛው የአዙሪት ቃና እዚህ ላይ የሚደርሰው ፍጥነቱ በሰከንድ 18 ሜትር አካባቢ ሲሆን ነው። ማራገቢያውን ቀስ በቀስ እየጨመርክ ብትሄድ ከዚህ ፍጥነት አካባቢ ሳጥኑ ድንገት ሲጮኽ መስማት አለብህ፤ ካለፈ በኋላም ተመልሶ ይደክማል። ወለሉን ወደ ላይ ስትገፋው የሚጮኽበት ፍጥነት ይጨምራል።

ፍጥነቱን በፒቶት ቱቦ (የሚመጣውን አየር ግፊት በሚቀበል ቀጭን ቱቦ) እና ውኃ በያዘ የዩ ቅርጽ ቱቦ ለካ። በዚህ ላይ የጅማ ከፍታ ጉዳይ ይመጣል። በመጽሐፍ ውስጥ ያለውን 1.225 ኪሎ ግራም በኪዩቢክ ሜትር የሚለውን የአየር እፍግታ አትውሰድ፤ ጅማ ላይ ወደ 1 ገደማ ነው። በሰከንድ 18 ሜትር ላይ የውኃው ልዩነት ከ16 እስከ 17 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህንኑ ልዩነት በመጽሐፉ እፍግታ ብታሰላው ፍጥነቱን 16 ሜትር ብቻ አድርጎ ስለሚያሳይህ ቃናው ያለቦታው የመጣ ይመስልሃል።

ለድምፁ የስልክ ማይክሮፎንና የድግግሞሽ ሥዕል የሚያሳይ አፕ ይበቃል፤ ስልኩን ግን ከአየሩ መንገድ አርቀህ በጎን አስቀምጠው፣ አለዚያ የምትቀዳው ነፋስ ማይክሮፎኑን ሲመታ ነው። የማራገቢያው ምላሶች የሚያመጡትን ቃናም የሳጥኑን አፍ በጣውላ ከድነህ አስቀድመህ መዝግበው፤ ከተከፈተ በኋላ ከሚታየው ላይ የምትቀንሰው እርሱን ነው። ከዚያ በኋላ የወንፊት ሽቦ በአፉ ላይ ዘርጋ፣ ከቆርቆሮ የተቆረጠ የመጋዝ ጥርስ ከፊተኛው ጠርዝ ላይ ለጥፍ፣ ከፍራሽ የተቆረጠ ስፖንጅ ከኋላው ግድግዳ ላይ አድርግ፤ በየተራ አንድ በአንድ እንጂ አብረህ አትሞክራቸው። የትኛው ከፍተኛ ቅነሳ እንደሚሰጥ አስቀድሜ ልንገርህ ብል፣ ጥልቅ ሳጥን ስለሆነ በፊተኛው ጠርዝ ላይ ያለው ከስፖንጁ ይበልጣል የሚል እምነት አለኝ፤ ቃናው ከተወለደ በኋላ ከመምጠጥ ሳይወለድ መከልከል ይሻላልና።

ሳጥኑ ፈጽሞ አልጮኽ ካለህ ሁለት ቦታ ተመልከት። ፊተኛው ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ተሞርዶ ክብ ሆኖ ከሆነ ንጣፉ በአንድ ቦታ ስለማይነሣ ስለት ሆኖ እንዲቀር አድርገው። ከአፉ በፊት ያለው የጣውላ ወለልም በጣም ረጅም ከሆነ ባውንደሪ ሌየሩ (ወለሉን ታክኮ የሚያልፈው የዘገየ አየር) ወፍሮ ንጣፉን ስለሚያዳክመው፣ ወለሉን አሳጥረህ እንደገና ሞክር።